ነፃ ሶፍትዌር ወይስ የሚገዛ? ለ42 ኮምፒውተር የ5 ዓመት በጀት ላይ የማይታየው ወጪ

ሳቢያን_አይቲ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ድሬዳዋ ላለ አንድ የንግድ ድርጅት የ5 ዓመት የአይቲ በጀት እያዘጋጀሁ ነው። ሁኔታው ይህን ይመስላል፦

ኮምፒውተሮቹ 42 ናቸው፤ ሁሉም ዊንዶውስ 10 ፕሮ። ሰራተኛው 55 ሲሆን መጋዘንና ካሸር ላይ ያሉት በፈረቃ አንዱን ማሽን ለሁለት ይጠቀማሉ። ሰርቨሩ አንድ ነው፤ ሁለት ፕሮሰሰር፣ እያንዳንዱ 12 ኮር፣ 64 ጊጋ ራም፣ ላዩ ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2። ዶሜይኑ (የተጠቃሚና የፓስወርድ ማዕከሉ)፣ ዲኤችሲፒው (ለማሽኖች የኔትወርክ አድራሻ የሚሰጠው)፣ 600 ጊጋ ያህል የጋራ ፎልደር፣ 5 የሂሳብ ሰራተኞች የሚገቡበት የሂሳብ ፕሮግራም ፒችትሪ፣ እንዲሁም በኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ (ነፃው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ) የሚሰራ የስቶክ ፕሮግራም ሁሉም እዚያው ላይ ናቸው። የስቶኩ ዳታቤዝ 8.3 ጊጋ ደርሷል።

ሁለት ፕሮፎርማ ቀርቧል። አንዱ "ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ፣ ብዛት 1" ይላል። ሌላው ሁሉንም ወደ ሊኑክስ አዙሮ የሶፍትዌር ዋጋ የሚለው ቦታ ላይ 0 ጽፏል። ማኔጅመንቱ "ዜሮ እያለ ለምን ዶላር ፍለጋ እንገባለን?" ይላል። ዜሮው እውነተኛ ዜሮ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያውም ጎደሎ ይመስለኛል። በቁጥርና በሰዓት ማስቀመጡ ነው የከበደኝ። በሁለቱም በኩል ፕሮፎርማ ላይ የማይጻፈው ወጪ የቱ ነው?

ከዚራ_ሲስተም

ከሚገዛው ልጀምር፤ እዚያ ያለው ጉድለት በቁጥር ይያዛል።

"ብዛት 1" የሚለው ስህተት ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ የሚቆጠረው በኮር ነው። ለአንድ ሰርቨር ትንሹ 16 ኮር ነው፤ የአንቺ ግን 24 ኮር አለው። ስለዚህ ባለ 16ቱ ላይ ባለ 2 ኮር ተጨማሪ ጥቅል 4 ጊዜ ይጨመራል። የ2022ቱ የ16 ኮር ዝርዝር ዋጋ ከ1,000 ዶላር ትንሽ በላይ ነበር፤ ለ24 ኮር 1,600 ዶላር ብለሽ ያዢ።

ከዚያ ካል ይመጣል። ካል ማለት ሰርቨሩን ለሚጠቀም ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ለእያንዳንዱ ማሽን የሚገዛ ፈቃድ ነው። ኢንስቶል ሲደረግ ማንም አይጠይቅሽም፣ ሰርቨሩም ያለሱ ይሰራል፤ ለዚህ ነው ፕሮፎርማ ላይ የሚጠፋው። አንዱን 40 ዶላር ብናስበው በሰው ሲቆጠር 55 × 40 = 2,200፣ በማሽን ሲቆጠር 42 × 40 = 1,680 ዶላር ይሆናል። ፈረቃ ስላለ በማሽን መግዛቱ ያዋጣል። አስተውይ፤ ካሉ ብቻውን የሰርቨሩን ዋጋ አልፎታል። ካል ደግሞ ቨርዥን አለው። የ2019 ካል የ2022 ሰርቨርን አይሸፍንም፤ ሰርቨሩን ባሳደግሽ ቁጥር እንደ አዲስ ይገዛል። ከሩቅ ዴስክቶፕ ገብተው የሚሰሩ ካሉ ለእነሱ ሌላ የተለየ ካል አለ።

ዲኤችሲፒውን ከዊንዶውስ አውጪው። ከዊንዶውስ ሰርቨር አይፒ የሚወስድ ማሽን ሁሉ እንደ ተጠቃሚ ይቆጠራል፤ በማሽን ካል ከሄድሽ ፕሪንተሩም፣ የእንግዳው ስልክም መቆጠሩ ነው። ማይክሮቲክ ራውተር ካላችሁ እሱ ላይ አድርጊው፤ የግማሽ ሰዓት ስራ ነው።

እንግዲህ 1,600 እና 1,680 ሲደመር 3,280 ዶላር። ይህ ዋጋ በብር ስንት እንደሆነ የሚወስነው የግዥው ቀን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ሥርዓት በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያው 3,280 ዶላር ከ187,000 ብር ወደ 328,000 ብር ማለት ነው፤ ሶፍትዌሩ አንዲት ነገር ሳትጨመርበት። በላዩ ላይ 15 በመቶ ቫት አለ። ፕሮፎርማ የሚጸናው 10 ወይም 15 ቀን ነው፣ የግዥ ሂደቱ ግን ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል። በጀቱ ላይ የምንዛሬ መጠባበቂያ ካልተያዘ ጨረታው እንደገና ይወጣል።

አንዴ ከፍለሽ የምትይዢው ላይሰንስና በየወሩ የሚከፈለውን ለይተሽ ጻፊ። የወር ክፍያ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይመስላል። ለአንድ ሰው በወር 6 ዶላር ቢሆን ለ55 ሰው በዓመት 3,960፣ በ5 ዓመት 19,800 ዶላር ነው፤ የምንዛሬው ስጋትም 5 ዓመት ሙሉ አብሮሽ ይኖራል። ክፍያ ቢዘገይ የሚቆመው ደግሞ ኢሜይሉ ነው።

ቨርችዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ሌላ ሰርቨር የሚሰራ) ካሰብሽ፣ ስታንዳርድ ሁሉም ኮሮች ከተሸፈኑ በኋላ 2 የዊንዶውስ ሰርቨር ቨርችዋል ማሽን ይፈቅዳል። ሦስተኛ ስትፈልጊ 24ቱንም ኮር እንደገና ትገዢያለሽ።

ሸዋበር_ኔት

ከሐረር ሰላም። የከዚራ ስሌት ትክክል ነው። እኔ ዜሮ የተጻፈበትን ቦታ ልሙላ፤ እዚያ መጻፍ ያለበት ሰዓት ነው።

ሳምባ የሚባለው ነፃ የሊኑክስ ፕሮግራም ከ4.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ እንደ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዊንዶውስ ዶሜይን) ሰርቨር ይሰራል፤ ዊንዶውስ ማሽኖች ልዩነቱን ሳያውቁ ይገባሉ። ሊኑክስ ጠለቅ አድርጎ ለማያውቅ አድሚን የማስበው ሰዓት ይህ ነው። በሙከራ ማሽን ላይ መማር 80 ሰዓት። ሁለት ሰርቨር መትከልና መፈተሽ 16። 42ቱን ኮምፒውተር ከድሮው ዶሜይን አውጥቶ አዲሱ ውስጥ ማስገባት፣ ዴስክቶፑንና የኢሜይል ፋይሉን ወደ አዲሱ ፕሮፋይል ማዛወር ለአንዱ ከ1 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ 50። ፎልደሮቹን ከነፈቃዳቸው ማዛወር 20። የተጠቃሚ ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 34። ሲደመር 200 ሰዓት። ከዚያ በኋላ በወር 4 ሰዓት ለአፕዴትና ለባክአፕ ፍተሻ።

አሁን በብር እናስላው። የአድሚኑ ደመወዝ 25,000 ብር ቢሆንና ወሩ 176 የስራ ሰዓት ቢኖረው ሰዓቱ 142 ብር ነው፤ 200 ሰዓት 28,400 ብር። ከ328,000 ብር ጋር አስተያዩት። "ነፃ ሶፍትዌር በሰራተኛ ጉልበት ይወደዳል" የሚለው ክርክር ሰዓቱ 50 ዶላር በሚከፈልበት አገር ተሰልቶ የመጣ ነው። እዚህ ደመወዝ በብር ነው፣ ላይሰንስ በዶላር ነው፤ ስሌቱ ይገለበጣል። ይህን ለማኔጅመንቱ በግልጽ አሳዪያቸው ባይ ነኝ፤ ማንም ሳይደብቅ።

ታዲያ የነፃው ድብቅ ወጪ የት ነው? አንድ ጭንቅላት ላይ ነው። ሳምባውን ያቆመው ሰው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ አዲስ አበባ ቢሄድ ድሬ ውስጥ ዊንዶውስ ሰርቨር የሚያውቅ በሳምንት ይገኛል፤ ሳምባ የሚያውቅ ግን በወርም ላይገኝ ይችላል። በጀቱ ላይ መግባት ያለበት እሱ ነው። ሁለተኛ ሰው ማሰልጠኛ 10 የስራ ቀን። የአሰራር መመሪያ በወረቀት ታትሞ፣ የዋናው ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ። በየ3 ወሩ ሁለተኛው ሰው ብቻውን ከባክአፕ ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ ያንሳ፤ የመጀመሪያው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አፉን ይዝጋ። የሚያቅተው ቦታ ላይ መመሪያው ጎደሎ ነው ማለት ነው፤ እዚያው ይጻፍ። ይህ ልምምድ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ በዓመት 4 ቀን። ይህን ወጪ ያልያዘ "ዜሮ" ዕዳ ነው።

ሳምባ ላይ በብዛት የሚሰናከለው ነገር፦

ኡቡንቱ ላይ ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ የሚባለው ፖርት 53ን ስለሚይዝ የሳምባው ዲኤንኤስ አይነሳም፤ መጀመሪያ እሱ ይጥፋ። የሰርቨሩ ስም በሆስትስ ፋይል ውስጥ 127.0.1.1 ላይ ተጽፎ ከተገኘም ወደ ትክክለኛው አይፒ ይቀየር። ዶሜይኑን ".ሎካል" ብላችሁ አትሰይሙት፤ ስሙን በኋላ መቀየር 42ቱን ማሽን እንደገና ማዞር ነው።

ሁለት የሳምባ ዶሜይን ሰርቨር ካለ ተጠቃሚና ፓስወርድ በራሳቸው ይዛመዳሉ፤ የግሩፕ ፖሊሲ ፋይሎቹ ያሉበት ሲስቮል ግን አይዛመድም። በአርሲንክ በየ5 ደቂቃው የሚገለብጥ ስራ መያዝ አለበት። ይህን ያልያዘ ሰው "ፖሊሲው አንዳንድ ማሽን ላይ ብቻ ይሰራል" እያለ ቀኑን ያጠፋል።

ባክአፕ ሲወሰድ ሳምባው እየሰራ ፋይሎቹን ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ የተበላሸ ቅጂ ይሰጣል። የሳምባ-ቱል የራሱ የኦንላይን ባክአፕ ትዕዛዝ አለ፤ እሱ ብቻ። የጋራ ፎልደሩም ዶሜይኑ ያለበት ማሽን ላይ አይቀመጥ፤ ለብቻው ሌላ ቨርችዋል ማሽን ይሁን።

ሰዓት! ዶሜይኑ ፓስወርድ የሚያረጋግጥበት ከርበሮስ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም። እኛ አገር ደግሞ ሰዎች ኮምፒውተሩን በሐበሻ ሰዓት ያስተካክላሉ፤ የታይም ዞኑን ሳይሆን ሰዓቱን ራሱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትቱታል። በማግስቱ "ፓስወርዴ አልሰራ አለ" ይመጣል። ተጠቃሚው አድሚን መብት ከሌለው ይህን ማድረግ አይችልም፤ መብቱን ቀንሱ። ሰርቨሩ ላይ ሰዓት የሚያስተካክለው ክሮኒ ይጫን። መብራት ከሄደ በኋላ ሰዓቱ የሚጠፋ አሮጌ ማሽን ካለ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ጠፍጣፋ ባትሪ ደክማለች፤ ትቀየር። ይህ ለዊንዶውስ ሰርቨርም እኩል ይሰራል።

ደቻቱ24

አቦ፣ ሁለታችሁም ሦስተኛውን መንገድ ዘለላችሁት። ፕሮፎርማ ባይኖረውም ብዙ ቦታ ያለው እሱ ነው፤ ክራክ፣ ማለትም ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የሚጫን ሶፍትዌር።

ክራኩ ሲጫን የመጀመሪያው ትዕዛዝ "አንቲቫይረሱን አጥፋ" ነው። የሚሰራው በአድሚን መብት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሰራው ሰው ብቻ ነው። ከዚያ አፕዴት ይዘጋል፤ አክቲቬሽኑ እንዳይጠፋ ተብሎ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ቫይረስ በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ሲያምስ ማስተካከያው ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ የተመታው አፕዴት ያላደረገው ነው። 600 ጊጋ ፎልደርና የስቶክ ዳታቤዝ ቢቆለፍ ስንት ቀን ሽያጭ እንደሚቆም አስልታችሁ ክራክ የሚለው ረድፍ ላይ ጻፉት።

የሙከራ ቨርዥንም አለ። አንዳንድ ጫኚ 180 ቀን የሚሰራውን የዊንዶውስ ሰርቨር መሞከሪያ ጭኖ ርክክብ ይፈርማል። ጊዜው ሲያልቅ ሰርቨሩ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል። ያን ጊዜ ላይሰንስ ገዝቶ ቁልፉን ማስገባት የሚረዳ ይመስላል፤ ዶሜይን ሰርቨር ከሆነ ግን ቀጥታ ወደ ሙሉው አይቀየርም። ሌላ ዶሜይን ሰርቨር አቁሞ፣ ይህን ከሥልጣኑ አውርዶ፣ ቀይሮ፣ መልሶ ማንሳት ነው። ርክክብ ላይ ከመፈረም በፊት ዴስክቶፑ ቀኝ ታችኛ ጥግ የሚታየውን ጽሑፍ እዩ፤ "ኢቫሉዌሽን" ካለ አትፈርሙ።

ሳቢያን_አይቲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የካሉ ነገር ፕሮፎርማው ላይ ፈጽሞ የለም፤ የሁለተኛ ሰው ስልጠናም በሌላኛው ላይ የለም። ሦስት ነገር ቀረኝ። ፒችትሪው ሊኑክስ ላይ ይቀመጣል? የስቶኩ ዳታቤዝ ምን ይሻለዋል? ኦፊሱን ወደ ነፃው ሊብሬኦፊስ ማዞርስ? በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የብዙ ዓመት ደብዳቤ አለን።

ጀጎል_ዳታ

በቅደም ተከተል ልመልስልሽ እህቴ።

ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ አይቀመጥም፤ አትሞክሪው። ዳታውን የሚያስተዳድረው ፐርቫሲቭ የሚባለው የዳታቤዝ ሞተር ነው፤ ዳታው ባለበት ማሽን ላይ እሱ መኖር አለበት። ዳታውን ሳምባ ሼር (የጋራ ፎልደር) ላይ አድርጎ ከ5 ማሽን መክፈት ፋይሉን ማበላሸት ነው፤ ብልሽቱ ደግሞ ወዲያው ሳይሆን ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ ነው የሚታየው። ግን ለ5 ሰው ብለሽ ዊንዶውስ ሰርቨር አያስፈልግሽም። አንድ ደህና ዊንዶውስ 11 ፕሮ ማሽን፣ ኤስኤስዲና ዩፒኤስ ያለው፣ ማንም የማይቀመጥበት፣ ይበቃል። ፕሮ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ግንኙነት ይፈቅዳል። ባክአፑ ሁሉም ሰው ከፒችትሪ ከወጣ በኋላ ማታ ይወሰድ።

የስቶኩ ነገር አስቸኳይ ነው፣ ከምርጫው ሁሉ በፊት። ኤክስፕረስ ነፃ ነው፤ ለአንድ ዳታቤዝ ግን እስከ 2022ቱ ቨርዥን ድረስ 10 ጊጋ ላይ ይቆማል። ሲሞላ ቀድሞ የገባው ይነበባል፣ አዲስ ሽያጭ ግን አይመዘገብም። የሚቆጠረው የዳታ ፋይሉ ነው፤ የሎግ ፋይሉ አይቆጠርም። ስለዚህ 8.3 ያልሽው የሁለቱ ድምር እንዳይሆን መጀመሪያ ለይተሽ እዪ። ከዚያ የትኛው ሠንጠረዥ ቦታ እንደያዘ ተመልከቺ። በእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ማንም የማይፈልገው የክንውን ምዝገባ ወይም በፎቶ የገባ ደረሰኝ ነው፤ ወደ ሌላ የማኅደር ዳታቤዝ ማውጣት ዓመት ያስገዛል። የ2025ቱ ኤክስፕረስ ገደቡን ወደ 50 ጊጋ አሳድጎታል፤ 2012 አር2 ላይ ግን አይጫንም። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው በአዲሱ እንደሚሰራ በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ። ወደ ነፃው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ማዞር በወሬ ቀላል ነው፤ በተግባር ፕሮግራሙን እንደገና ማስጻፍ ነው፣ ዋጋውም ከላይሰንሱ ሊበልጥ ይችላል። ኤክስፕረስ ባክአፕ በሰዓቱ የሚወስድ ኤጀንት እንደሌለውም አትርሺ፤ በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ትዕዛዝ ሰርቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ "ባክአፕ አለ" የሚባለው ማንም ስላልፈተሸው ነው።

ስለ ድጋፍ የጠየቀ ሰው ስለሌለ አንድ ነገር ልጨምር። የሚገዛ ሶፍትዌር ሲገዛ "ድጋፍ አለው" ይባላል። ውሉ ላይ ባለሙያው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ትራንስፖርቱንና አበሉን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ከተደወለ በስንት ሰዓት መልስ እንደሚሰጥ፣ ቅዳሜና እሁድ እንደሚሰራ ካልተጻፈ ድጋፉ ስልክ ነው። ነፃው ላይም "ሁልጊዜ ነፃ ነው" ተብሎ አይታመንም። ሴንትኦኤስ 8 የሚባለው ሊኑክስ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል ተብሎ ሰዎች ሰርቨር አቆሙበት፤ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተዘጋ። ያ ሁሉ ሰው ወደ አልማ ወይም ወደ ሮኪ ለመዛወር የሰራው ሰዓት የማንም በጀት ላይ አልነበረም። በድርጅት ፍላጎት የማይዘጋ ከፈለጋችሁ ዴቢያን አለ።

ወደ ኦፊሱ ልመለስ። ትልቁ ወጪ ያለው ሊብሬኦፊስ ውስጥ አይደለም፤ ድሮ የተጻፉት ደብዳቤዎች ውስጥ ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል አሰያየም) አይደሉም። ፊደሉን የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው የላቲን ምልክት ዝርክርክ ሆኖ ይከፈታል። ፎንቱን ሊኑክሱ ላይ መጫን ማንበብን ይመልሳል፣ መፈለግን ግን አይመልስም፤ "ውል" ብለሽ ብትፈልጊ አያገኝም። መለያው ቀላል ነው። ፋይሉን ክፈቺ፣ ሁሉንም ምረጪ፣ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ቀይሪ። አማርኛው ከቆየ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ከተበተነ አይደለም። የፎንቱ ስም ላይ "ዩኒኮድ" የሚል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፣ ቢሆንም በዚሁ መንገድ ይረጋገጥ።

ማኔጅመንት ፊት ከመቅረብሽ በፊት ከየክፍሉ 20 ፋይል ውሰጂ፤ ከግዥ፣ ከሰው ኃይል፣ ከሂሳብ፣ ከመጋዘን። ስንቱ ዩኒኮድ እንዳልሆነ፣ ስንቱ ኤክሴል ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም) እንዳለው ቁጠሪ። ማክሮ ያላቸውን እንደገና መጻፍ ለአንዱ ከግማሽ ቀን በታች አትያዢ። ዩኒኮድ የሆኑት ደብዳቤዎችም ፎንት ሲቀየር የመስመር ቁመቱ ስለሚለያይ ማኅተምና ፊርማው ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል፤ የደብዳቤ ቅጾቹን አንድ በአንድ ማስተካከል 2 ቀን። ለትየባ ኪይማን በዊንዶውስም በሊኑክስም በነፃ አለ፤ የጸሐፊዎቹ እጅ ግን የፓወር ግዕዝን አቀማመጥ ለምዷል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ፍጥነታቸው ይቀንሳል፣ ያንን ወር የጨረታ ሰነድ በሚዘጋጅበት ወቅት አታድርጊው።

ሸዋበር_ኔት

ከጀጎል ጋር አንድ ቦታ ላይ ብቻ እለያለሁ፤ ኦፊሱን በዚህ በጀት ዓመት አትንኪው። ሰርቨሩ ሲቀየር ተጠቃሚው ምንም አያይም። ኦፊሱ ሲቀየር 55 ሰው ያያል፤ ከሁለቱ አንዱ ቢሰናከል ጥፋቱ "ሊኑክስ" ላይ ይወድቃል።

ሌላው፣ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ 42ቱ ማሽኖች የትኛውንም ሰርቨር ብትመርጪ ወጪ አላቸው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ስንቱ ያልፋል የሚለውን ቁጠሪና በሁለቱም ፕሮፎርማ ስር አንድ አይነት ረድፍ አድርገሽ ጻፊው። የማያልፈው ማሽን መጋዘን ላይ ብሮውዘር ብቻ የሚከፍት ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ይጫንበት።

24ኤች2 የሚባለው ዊንዶውስ 11 ሲገባ ያለ ፓስወርድ የሚከፈት የእንግዳ ሼር መክፈት ያቆማል፤ ዲጂታል ፊርማ የሌለው ግንኙነትም አይቀበልም። አሁን ያለው የጋራ ፎልደር ወይም ስካነሩ ፋይል የሚጥልበት ቦታ እንደዚያ ከሆነ፣ ለስካነሩ የራሱን ተጠቃሚና ፓስወርድ ከአፕዴቱ በፊት ፍጠሪለት። አሮጌ ስካነር ኤስኤምቢ 1 (አሮጌውን የፋይል መጋሪያ መንገድ) ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ኤስኤምቢ 1ን አትክፈቺለት፤ በኢሜይል ወይም በኤፍቲፒ ወደ አንድ ለብቻው ወደተለየ ፎልደር ይላክ።